የአፈር ግድብ፤ የውኃ ጎተራና የዕረፍት ቀን መናፈሻ

በጅቡቲ ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ የውኃን ክብር የሚያስተምር መምህር አያሻውም። የዓመቱ ዝናብ በአማካይ ከ150 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ፀሐይ ግን ከተገለጠ ኩሬ በዓመት ከ2 ሜትር በላይ ውኃ ትመጥጣለች። ከተማይቱን አቋርጦ ወደ ባሕር የሚወርደው የአምቡሊ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሲሞላ ግን ምሕረት የለውም፤ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ያደረሰው ጎርፍ ከ50 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ውኃው ሲጠፋም ሲበዛም በሚያስጨንቅበት አገር አንዱ ብልሃት ጎርፉን ከላይ ይዞ ማቆየት ነው። በቱርክ መንግሥት እርዳታ በአምቡሊ ላይ ግድብ የተሠራውም ለዚሁ ነው። የተገታው ውኃ ቀስ እያለ ወደ አሸዋው ሲሰርግ የከርሰ ምድሩን ውኃ ያጎለብታል፤ ከመጠን በላይ በተቀዱ ጉድጓዶች ውስጥ የሚገባውንም የባሕር ጨው ይገፋል።

አነስተኛው የአፈር ግድብም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። ዋነኛ ጠላቱ በአናቱ ላይ የሚፈስ ውኃ ነው፤ ጎርፉ ክትሩን አንድ ጊዜ ከተሻገረ አፈሩን ሸርሽሮ በሰዓታት ውስጥ ይንደዋል። ስለዚህ የትርፍ ውኃ መውጫው ከደለልና ከቁጥቋጦ የጸዳ ይሁን። በክትሩ ላይ ዛፍ አይተከል፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውኃ መንገድ ይከፍታልና። ከግርጌው ጥቂት ንጹሕ ውኃ ቢያዥ በዓይን መከታተል ነው፤ የደፈረሰ ከሆነ ግን ክትሩ ከውስጥ እየተቦረቦረ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ለባለሙያ ይነገር።

ውድ እናቶችና አባቶች ሆይ! በዕረፍት ቀን ቡናውን ይዞ ወደ ውኃ ዳር መውጣት መንፈስን ያድሳል። ነገር ግን የግድብ ውኃ ድፍርስ ነው፤ ጥልቀቱ አይታይም፤ ጭቃውም እግር ይይዛል። ሕፃናት ያለ ጠባቂ አይቅረቡት። ልብስም ከዳርቻው ራቅ ብሎ ይታጠብ፤ ለመጠጥ የሚቀዳውም ተጣርቶ ይፈላ።

ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በተዘረጋ ቧንቧ የጉድጓድ ውኃ ታገኛለች። ቧንቧው ታላቅ በረከት ነው፤ ይሁን እንጂ ቧንቧ የመጣለት ቤትም ጎተራውን አያፈርስም። ዝናብ በዘነበ ዕለት የተያዘች ውኃ በሐጋይ የምትጠጣ ናትና፣ ክትሩን የሚጠብቅ የጎረቤቱን ሕይወት ይጠብቃል እንላለን።