የአሮጌ መኪና ሞተር መተንፈሻ

ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ፣ የፒስተኑ ፋሻ ሊያግደው ያልቻለው ጥቂት ጋዝ በሲሊንደሩ ግድግዳ እየተንሸራተተ ወደ ዘይቱ ክፍል መውረዱ አይቀርም፤ ይህም ጋዝ እንፋሎት፣ አሲድና ያልተቃጠለ ቤንዚን ተሸክሞ የሚወርድ ስለ ሆነ፣ መውጫ ያልተበጀለት እንደ ሆነ በአንድ ወገን ዘይቱን ያበላሻል፣ በሌላ ወገን ግፊቱ ሲበረታ ፓራሊዮውን ገፍቶ ዘይቱን ወደ ውጭ ያፈሳል። መተንፈሻው የተሠራው ለዚሁ ነው። ነገር ግን ብዙ ባለ መኪና ተራ ቱቦ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከሚገዙት አሮጌ መለዋወጫዎች መካከል እንደ እርሱ በግምት የሚገዛ ያለ አይመስለኝም።

በቀድሞው ዘመን ሥርዓቱ ቀላል ነበር፤ ጋዙ በአንድ ክፍት ቱቦ ወርዶ ከመኪናው ሥር ወደ መንገዱ ይበተን ነበር። አየሩን መበከሉ ከታወቀ በኋላ፣ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካሊፎርኒያ በሚሸጡ አዲስ መኪኖች ጋዙ ተመልሶ ወደ ሞተሩ እየገባ እንዲቃጠል ተደረገ፤ ሌላውም ዓለም ቀስ በቀስ ተከተለ። የዛሬው ችግር የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ በመልክ አንድ የሚመስሉ ሁለት ሞተሮች መተንፈሻቸው ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላልና።

በአገራችን እጅግ የታወቀውን ቮልስዋገን እንመልከት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዞ የወጣውም የዚሁ ዘር ነበረ። በኋለኞቹ ሞተሮች ከዘይት መሙያው አንገት አንድ ቱቦ ወደ አየር ማጣሪያው ይሄዳል፤ ከዚያው አንገት ወደ ታች በሚወርደው የብረት ቱቦ ጫፍ ደግሞ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ላስቲክ ይሰካል፤ ግብሩም የተጠራቀመውን ውሃ እያንጠባጠበ አቧራ ወደ ውስጥ እንዳይሳብ መከልከል ነው። ይህች ላስቲክ ስትጠፋ ሞተሩ ያልተጣራ አየር ይስባል፤ ማን ግን ልብ ይላል? ትክክለኛውን ዕቃ ለመለየት የመኪናው አካል አይታመንም፤ በብዙ ዓመት ውስጥ ሞተሩ ተለዋውጦ ሊሆን ይችላልና፣ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር የተቀረጸውን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል፤ ኤፍ የ1300፣ ኤች የ1500 ሞተር መለያ ነው።

ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆኖ አዲስ አበባን ያገለገለው ላዳ ከዚህ ይልቅ የረቀቀ ነው። ወደ አየር ማጣሪያው በሚሄደው ወፍራም ቱቦው ውስጥ የተጠማዘዘ የብረት መረብ አለ፤ ከካርቡራተሩ የሚመለስ ነበልባል ወደ ዘይቱ ክፍል እንዳይዘልቅ የሚያግድ እርሱ ነው። «የሚደፍን ቆሻሻ ማጣሪያ» ነው ብሎ አውጥቶ የሚጥለው መካኒክ ስለዚህ አደገኛ ሥራ ይሠራል፤ በቤንዚን አጥቦ መመለስ ይበቃው ነበር። ሁለተኛው ቀጭን ቱቦ በካርቡራተሩ ላይ ወዳለች ተንሸራታች ክፍል ይገባል፤ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ጥቂት፣ ቤንዚን ሲረገጥ ብዙ ጋዝ የምታሳልፍ እርስዋ ናት፤ የሌላ መኪና ካርቡራተር ሲገጠም ግን አብራ ትጠፋለች።

ከሁሉም የሚያታልለው እንደ ቀድሞዎቹ ቤንዚን ላንድ ክሩዘሮች ባለው ሞተር የሚገኘው ባለ ጥቅል ሽቦ ቫልቭ ነው። በእጅ ሲነቀነቅ ቢንኳኳ አለመጣበቁን ብቻ ያስረዳል እንጂ የዚያ ሞተር መሆኑን አያረጋግጥም። የሽቦው ጥንካሬና የቀዳዳው ስፋት ለአንድ ሞተር የተመጠነ ስለ ሆነ፣ ከትልቅ ሞተር የተነቀለው ተርፎ በሚያልፈው አየር የትንሹን ሚኒሞ ያናጋል፤ ከትንሽ የተነቀለው ደግሞ ትልቁን ያፍነዋል። ከደሴ በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላምና ወደ ከላላ ደጋ ለሚወጣ አሮጌ መኪና ነገሩ ይብሳል፤ ከ2,500 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ፣ ቫልቩን የሚስበው ኃይልም አብሮ ይደክማል። በዚያ ላይ በዚያው መንገድ የሚገኘው የሌጋምቦ ብርድ አለ፤ በአጭር ጉዞ ያልሞቀ ሞተር እንፋሎቱን ማስወጣት ስለማይችል፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ከሥሩ ቢጫማ ነጭ ዝቃጭ ተለጥፎ ይገኛል። ይህን ያየ ሰው የራስ ጋስኬት ተቃጠለ ብሎ ሞተሩን ከማስፈታቱ በፊት የመተንፈሻውን ቱቦ ነቅሎ ይንፋበት፤ የሚተካውም ቱቦ ዘይት የሚችል ላስቲክ ይሁን፤ የራዲያተር ቱቦ ቆርጠው ያስገቡለት እንደ ሆነ በዘይቱ ጭስ ርሶ ይለሰልስና በራሱ ላይ ይጣበቃል።