ሌላ ቋንቋ ልማር ወይስ ያለኝ ይብቃኝ?



«ታይዋን» ሲባል ለብዙ ሰው ወደ አእምሮው የምትመጣው በሩቅ ምሥራቅ ያለችው ደሴት ናት። ለእኛ ለድሬዎች ግን ታይዋን የገበያችን ስም ነው። ሞባይሉ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ቻርጀሩና ልዩ ልዩ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃው የሚገኝበት፣ ሻጩም አማርኛውን፣ አፋን ኦሮሞውንና ሶማልኛውን እየቀያየረ የሚደራደርበት ስፍራ ነው። ዛሬ የማካፍላችሁ ታሪክ የተጀመረው በዚሁ ገበያ ለነጋዴዎች የኮምፒዩተር ፕሮግራም እየሠራ ከሚተዳደር የአንድ ወንድም ቤት ነው። ታሪካቸውን እንድጽፍ ባልና ሚስቱ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

ባለቤቱ አንድ ቀን ከሴቶች ጸሎት በኋላ ወደ ኋላ ቀረችና «እባክሽ ምከሪኝ፤ ባሌ ሌላ ቋንቋ ሊማር ነው» አለችኝ። እኔም «ታዲያ ይኼ ምን ያስለቅሳል? ሶማልኛ ነው?» አልኳት። እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «የሰው ቋንቋማ ቢሆን እኔም አብሬው እማር ነበር። የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው። ደግሞም ይኼ አራተኛው ነው፤ ሦስቱን ጀምሮ ተዋቸው። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስክሪን ላይ ያፈጣል። ልጆቼ አባታቸውን የሚያውቁት በጀርባው ሆኗል» አለች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለቱም ቤታችን መጡ። ባልየው በድሬ ወግ «አንቺ» እያለ እንዲህ ሲል አጫወተኝ፦ «አሥራ ስድስት ዓመት የሠራሁት በቪዥዋል ቤዚክና በፒ ኤች ፒ ነው። የታይዋን ነጋዴ ሒሳቡን የሚይዘው፣ ዕቃውን የሚቆጥረው በእኔ ፕሮግራም ነው። አሁን ግን ወጣቶቹ ሲያወሩ ቁጭ ብዬ አንገቴን እነቀንቃለሁ እንጂ ግማሹ አይገባኝም። አርባ ዓመት ሞላኝ። እኔ ከቆምኩ ቤቴ ነው የሚቆመው፤ ይኼንን ለማን ልንገር?»

ውድ አንባቢ፣ እስቲ አስቡት! እርሷ «ጥሎን ሄደ» ትላለች፤ እርሱ ደግሞ «ለእነርሱ ብዬ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በስንት ትዳር ውስጥ ይኼው ክርክር በሌላ ስም እየተካሄደ ይሆን?

የሚቀረውና የሚሻገረው

ስለ ሙያው ብዙም ስለማላውቅ እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። የኮምፒዩተር ቋንቋ ማለት ሰው ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝ የሚጽፍበት መንገድ ነው። ብዛታቸውም ቀላል አይደለም። ኮቦል የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1959፣ ሲ የሚባለው በ1972፣ ፓይተን በ1991 ተጀመሩ። እ.ኤ.አ. 1995 ደግሞ ጃቫ፣ ጃቫስክሪፕትና ፒ ኤች ፒ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሕዝብ የቀረቡበት ዘመን ነበር። ከዚያም ወዲህ ዳርት በ2011፣ ስዊፍት በ2014 ተከተሉ። ሁሉንም እየተከተለ የሚሮጥ ሰው ዕድሜ ልኩን ተማሪ ሆኖ ይቀራል።

ደግነቱ ግን አንዱን በሚገባ ያወቀ ሰው ሁለተኛውን ከዜሮ አይጀምርም። ይኼንን ለመረዳት ከታይዋን ገበያ የተሻለ ምሳሌ የለም። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሻጭ ሶማልኛ ሲማር ንግድን እንደገና አይማርም። ዋጋ ጠርቶ መውረድን፣ የገዢን ፊት ማንበብን፣ ዱቤ የሚከፍለውንና የማይከፍለውን መለየትን ቀድሞ ያውቃል። የሚጎድለው ቃሉና አነጋገሩ ነው። እንዲሁም ፕሮግራመሩ አንድን ችግር ከፋፍሎ ማሰብን፣ «ይህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» ማለትን፣ ስሕተት ፈልጎ ማግኘትን ወደ አዲሱ ቋንቋ ይዞት ይሻገራል።

የማይሻገርም አለ። በየቋንቋው የተዘጋጁት የሥራ መሣሪያዎች፣ ሌሎች ጽፈው ያስቀመጧቸው አጋዥ ፕሮግራሞች፣ የቋንቋው የራሱ ልማድ እንደገና ይለመዳሉ። ወንድማችን «ሰዋስውን በጥቂት ሳምንት እይዘዋለሁ፤ ሰው ገንዘብ የሚከፍልበት ሥራ ለመሥራት ግን ወራት ይፈጃል» አለኝ። ሦስቱን ጀምሮ የተዋቸውም እዚህ ላይ ሲደርስ ነበር። መጀመሪያው ደስ ይላል፤ መካከሉ ይከብዳል፤ ከዚያም ሌላ አዲስ ስም ይሰማል።

ያረጀ ሁሉ አይጣልም

ብዙዎቻችን አሮጌ ነገር ሁሉ ጊዜው ያለፈበት ይመስለናል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት የአሜሪካዋ የኒው ጀርሲ ግዛት ገዥ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቁ ባለሙያዎች በበጎ ፈቃድ እንዲረዱ በአደባባይ ጥሪ አቅርበው ነበር። ሥራ ያጡ ሰዎች የሚረዱበት የመንግሥት ሥርዓት ከስልሳ ዓመት በፊት በተፈጠረው በዚያ ቋንቋ የተሠራ ነበርና ነው። ያን ጊዜ የተፈለገው ወጣቱ ሳይሆን ሽበት ያለው ሰው ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ራስን ማታለል አይገባም። ወንድማችን የሚሠራበትን የቪዥዋል ቤዚክ 6 መሥሪያ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ድጋፉን አቋርጦበታል። የተሠሩት ፕሮግራሞች በዊንዶውስ ላይ አሁንም ይሠራሉ፤ አዲስ ቤት የሚሠራበት መሠረት ግን አይደለም።

ከተማችንም ተለውጣለች። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው በዚህችው በድሬዳዋ ነበር። ነጋዴው ሒሳቡን ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር ይልቅ በእጁ በያዘው ስልክ ማየት ለመደ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮዲንግ ትምህርት ለማስተማር የታቀደው ፕሮግራም ይፋ ሆነ፤ ትምህርቱም በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጥ ነው። ወንድማችን «ልጆቹ በነጻ እየተማሩ እኔ ወዴት ልግባ?» ቢል አይፈረድበትም።

ስለ ዕድሜው ግን አንድ ነገር ነገርኩት። በትክክለኛይቱ ታይዋን ዛሬ በዓለም የታወቀውን የቺፕ አምራች ድርጅት፣ ቲ ኤስ ኤም ሲን፣ የመሠረቱት ሞሪስ ቻንግ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀምሩ ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስት ነበር። ከዚያ በፊት ሃያ አምስት ዓመት አሜሪካ ውስጥ በአንድ ድርጅት ሠርተዋል። የቀድሞው ልምዳቸው አልተጣለም፤ ለአዲሱ መሠረት ሆነ እንጂ።

ማን ጠየቀህ?

ባለቤቴ ፓስተሩ ብዙ አይናገርም። ያን ዕለት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው፤ «ይኼን ቋንቋ እንድትማር ማን ጠየቀህ?»

ወንድማችን ዝም አለ። ሊማር የነበረው ፓይተንን ነበር። ምክንያቱን ሲፈልግ ያገኘው ሁሉም ስለ እርሱ ማውራቱን ብቻ ነው። ፓይተን መልካም ቋንቋ ነው፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ በብዛት ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ከደንበኞቹ አንድም ሰው እንዲህ ያለ ሥራ አልጠየቀውም። በታይዋን ሻጩ ሶማልኛ የሚማረው ገዢው ሶማልኛ ስለሚናገር ነው፤ ማንም ለጌጥ ብሎ አይማርም።

ስለዚህ ወደ አምስት ደንበኞቹ ሄዶ ምን እንደሚቸግራቸው ጠየቀ። ሦስቱ «ቤቴ ሆኜ የዕለቱን ሽያጭ በስልኬ ማየት እፈልጋለሁ» አሉት። ይኼን ደግሞ በሚያውቀው በፒ ኤች ፒ ሊሠራላቸው ይችላል! አንደኛው «ያለው ይበቃኛል፤ ብቻ አትጥፋብኝ» አለው። አምስተኛው ግን ወደ ደወሌ መንገድ ዕቃ እያመላለሰ የሚሸጥ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ስፍራ ሽያጩን በስልኩ መዝግቦ፣ ከተማ ሲገባ ከሱቁ ሒሳብ ጋር የሚያገናኝለት ፕሮግራም ፈለገ። ወንድማችን ይኼንን በያዘው ዕውቀት በደንብ ሊሠራው እንደማይችል አየ። ለዚህ ሥራ የመረጠው ዳርት የተባለውን ቋንቋና ፍላተር የተባለውን መሣሪያ ነው። ፓይተን ቀረ፤ ቋንቋውን ወሬ ሳይሆን ሥራው መረጠው።

ምናልባት «ዛሬ ኮዱን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጽፈው የለም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ጠይቄዋለሁ። «ይጽፋል፤ ብዙም ያግዘኛል። ነገር ግን የማላነበውን ነገር ልክ ይሁን ስሕተት በምን አውቃለሁ? የሰው ገንዘብ ነው፤ ጠያቂው እኔ ነኝ» አለኝ።

ወጪውን መቁጠር

ጌታችን በሉቃስ 14፥28 ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ሲናገር፣ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ሊቆጥር እንደሚገባው አስተምሯል። የትምህርት ኪሳራ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ጊዜ ነው፤ ጊዜውም የባል ብቻ አይደለም።

ይኼንን የምለው ከራሴ ሕይወት ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ግሪክኛ ስማር ሁለተኛዋ ልጄ ገና ዳዴ ትል ነበር። ከማዕድ ላይ ተነሥቼ ወደ ደብተሬ እሄድ ነበር። ውጤቴ ጥሩ ሆነ። ነገር ግን አንድ ቀን ልጄ ወድቃ ስታለቅስ «እማዬ» ብላ የሮጠችው ወደ ቤት ሠራተኛችን ነበር። ግሪክኛውን በመማሬ አልጸጸትም፤ እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል። የምጸጸተው ዋጋውን ማን እየከፈለ እንደሆነ ሳልጠይቅ በመማሬ ነው።

ዳንኤልና ማዕዱ

ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ስናነብ ዳንኤልና ጓደኞቹ በባቢሎን የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሑፍ ለሦስት ዓመት እንዲማሩ እንደተመደቡ እንመለከታለን። ዳንኤል ቋንቋውን አልጠላም፤ በትጋት ተማረ። ድንበሩን ያሰመረው በማዕዱ ላይ ነበር። ምክንያቱ ከእኛ ጉዳይ እንደሚለይ አውቃለሁ። ሆኖም ተማሪ መሆንና ድንበር ማስመር አብረው እንደሚሄዱ አስተምሮናል።

እነዚህ ባልና ሚስትም በእኛ ፊት ተቀምጠው ድንበራቸውን አሰመሩ። እራት ላይ ኮምፒዩተርም ስልክም የለም። የእሑድ ቀን አይነካም። የመማሪያውን ሰዓት ያገኘችው ደግሞ ሚስትየው ናት። «ቀትር ላይ በሙቀቱ ገበያው ጭር ይላል፤ ሱቁም ይዘጋል። አንተ ያን ጊዜ ትተኛለህ፤ ሌሊት ትነቃለህ። ለምን አትገለብጠውም?» አለችው። በሳምንት ሦስት ቀትር፣ ለሦስት ወር ተስማሙ። የመማሪያ ልምምዱም የነጋዴው ፕሮግራም ራሱ እንዲሆን ወሰኑ፤ ሦስት ወሩ ሲያልቅ ተቀምጠው ይመዝኑታል።

ሦስት ወሩ ሲያልቅ ሥራው አላለቀም ነበር። እርሱም ሳይደብቅ ነገራት፤ እርሷም አንድ ወር ጨመረችለት። ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን ሽያጭ ሁለት ጊዜ እየመዘገበ ነጋዴውን አስቆጣው። ተስተካከለ። ዛሬ ይሠራል። ሀብታም አላደረጋቸውም፤ ነገር ግን ሁለት ሌሎች ነጋዴዎች ተመሳሳዩን አዘውታል። እርሷን ከዚያ በኋላ ሳገኛት «ቋንቋውን ቻለው?» ብዬ ጠየቅኋት። «እርሱ ይወቀው፤ እራት ላይ ግን ይናገራል» አለችኝ።

እናንተስ?

ውድ ባለትዳሮች፣ የእናንተ ጉዳይ የኮምፒዩተር ቋንቋ ላይሆን ይችላል። የማታ ትምህርት፣ አዲስ ሙያ ወይም ሌላ ሱቅ ይሆናል። ከመወሰናችሁ በፊት አብራችሁ ተቀምጣችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

ይኼንን የሚፈልገው ማን ነው፤ ሥራው ነው ወይስ ፍርሃቴ?
አሁን በእጄ ያለው ዕውቀት በእርግጥ አይበቃም?
የጀመርኩትን ለምን ተውኩት?
የምማርበት ሰዓት ከማን ላይ የሚወሰድ ነው? እርሱስ ተጠይቋል?
በቃ የምንለውስ መቼና በምን ምልክት ነው?

መልሱ አንዳንድ ጊዜ «ተማር» ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም «ያለህ ይበቃሃል»። ሁለቱም ያለ ኀፍረት የሚነገሩ መልሶች ናቸው። የሚያሳፍረው አንዱ ብቻውን በሌሊት ወስኖ፣ ሌላው በቀን መክፈሉ ነው።

ጌታ ትዳራችሁንና የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።