ጭሱ፣ መንገዱና አስም

በአገራችን አስም ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው ብርድ ነው። «ብርድ መታው» ይባልና ልጁ ጋቢ ይደረብለታል፤ መስኮቱ ይዘጋል፤ ከሰልም ይያያዝለታል። ቀዝቃዛ አየር ሕመሙን መቀስቀሱ እውነት ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚጨስ ከሰል ግን ከብርዱ የባሰ ጠላት ነው።

አስም የአየር ቧንቧ ሥር የሰደደ ቁጣ ነው። የተቆጣ ቧንቧ በትንሽ ነገር ይጠብባል፤ በአክታ ይሞላል፤ ትንፋሽም ሲጥ ሲጥ ይላል። ከማገዶና ከናፍጣ የሚወጣው ደቂቅ ብናኝ፣ ማለትም ፒኤም 2.5፣ ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ስለሚያንስ አፍንጫ አያግደውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የዚህን ብናኝ ዓመታዊ አማካይ ጣሪያ በሜትር ኩብ ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም አውርዶታል።

የተበከለ አየር አስም ያለበትን ሰው እንደሚጥለው አያከራክርም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በባርሴሎና በአንዳንድ ቀናት የአስም ሕመምተኞች ድንገተኛ ክፍሎችን ያጥለቀልቁ ነበር። ሲመረመር እነዚያ ቀናት በወደቡ አኩሪ አተር የሚራገፍባቸው ሆነው ተገኙ። የአኩሪ አተሩ ጎተራ የብናኝ ማጣሪያ ሲገጠምለት ወረርሽኙ ቆመ። በለንደን ደግሞ ብዙ መኪና በሚያልፍበት መንገድ አጠገብ የምትኖረው የ9 ዓመቷ ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ እ.ኤ.አ. በ2013 በአስም ሞተች። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የሞት መርማሪው ዳኛ የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ወሰነ።

ጤነኛውን ሰው አስመኛ የሚያደርገውስ ምንድን ነው? ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው፤ ጅማም በዚህ ላይ ለዓለም ትልቅ ትምህርት ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውና ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተው ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳየ። በማገዶ ጭስ ታፍኖ የሚኖረው ግን የገጠሩ ሰው ነው! ስለዚህ ጭስ ብቻውን መልስ አይሆንም። እዚያው ጅማ የተደረጉ ተከታይ ጥናቶች በቤት ውስጥ ላምባ ማንደድ ከአለርጂ ጋር፣ ለመኪና መንገድ በጣም ቀርቦ መኖርም ከትንፋሽ ሲጥ ሲጥ ማለት ጋር እንደሚያያዙ አመለከቱ። ከተሜነት ብዙ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ከእነዚህ አንዱ የመኪና ጭስ መሆኑን እኔ አልጠራጠርም።

ይህ ሲባል የማገዶ ጭስ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። እናትና ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ሕፃን እንጀራ እስኪጋገር ድረስ የሚስቡት አየር ከየትኛውም አውራ ጎዳና አየር ሊከፋ ይችላል። ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፤ የጭሱን ነገር በደንብ የሚቀርፈው ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ መብራት ካለ።

ንጹሕ አየር የሐኪምን ትእዛዝ አይተካም፤ ቧንቧውን የሚያበርደው በየቀኑ የሚሳብ መድኃኒት መቋረጥ የለበትም። ሐኪሞችም ማዘዣ ሲጽፉ «ቤታችሁ በምን ይበስላል? ልጁስ የት ይተኛል?» ብለው ይጠይቁ። አስም ያለበት ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ከሰሉን ከመኝታ ክፍል አውጡት።