ከጦርነት ወደ መምህርነት፤ የ«ኢትዮጵያ» መርከብ ረጅም ዕድሜ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ላይ ተዋግተው፣ ሰላም በወረደ ጊዜ የጦር መሣሪያቸውን አስረክበው ጠመኔ ያነሡ፣ እስከ ሽምግልናቸውም የሥነ ፍጥረትን ምሥጢር ለወጣቶች ሲገልጡ የኖሩ መርከበኞች በየአገሩ ታሪክ ይገኛሉ፤ ለእኛ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የምትቀርበን፣ በጦርነት ተወልዳ በማስተማር ያረጀች፣ የአገራችንንም ስም ተሸክማ በባሕረ ኤርትራ፣ ማለት በቀይ ባሕር፣ የተመላለሰች አንዲት መርከብ ናት።

ይህች መርከብ በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ በ1935 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ውኃ ወረደች፤ በጥር 1936 ዓ.ም. ደግሞ «ኦርካ» ተብላ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ጋር ተቀላቀለች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ሲሆን በ18 ኖት፣ ማለት በሰዓት በ33 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ትጓዝ ነበር። ሥራዋ በውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅ መስጠት፣ መጠገንና አብራሪዎቻቸውን ማሳደር ስለ ነበረ፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ በፊሊፒንስ አካባቢ በተደረገው ብርቱ ውጊያ ተካፋይ ሆነች። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ያለ ሥራ ቆመች፤ በኮሪያ ጦርነት ዘመን እንደገና ተጠራች፤ ከዚያም ከአገልግሎት ተሰናበተች።

በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የባሕር ኃይል ለማቋቋም ቆርጠው፣ ለሥልጠናው የኖርዌይ መኮንኖችን አስመጥተው፣ ዋናውን ሰፈር በምጽዋ አደረጉ። ኦርካም በጥር 1954 ዓ.ም. ለዚህ ወጣት ኃይል ተሰጠች፤ ስሟም «ኢትዮጵያ» ተባለ። ከመርከቦቹ ሁሉ ትልቋ እርስዋ ስለ ነበረች፣ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ልዑል እስክንድር ደስታ በምክትል አዛዥነት በመሩት ባሕር ኃይል ውስጥ ማሠልጠኛ ሆና፣ የደጋ ልጆች ስለ ባሕር የማያውቁትን ሁሉ የሚማሩባት ተንሳፋፊ ትምህርት ቤት ሆነች።

በክፍል ውስጥ የተሳሳተ ተማሪ ጥቂት ነጥብ ቢያጣ ነው፤ በዳህላክ ደሴቶች መካከል፣ ውኃው በሸፈነው የዛጎል ዓለት አጠገብ የተሳሳተ መርከበኛ ግን መርከቡንም ነፍሱንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ዕጩ መኮንን ጀምበር ጠልቃ አድማሱ ገና ሳይሰወር፣ ሴክስታንት በተባለው መሣሪያ ክዋክብት ከአድማስ ስንት ዲግሪ ከፍ ብለው እንደ ቆሙ ለክቶ፣ ከሰዓቱና ከሠንጠረዡ ጋር አመሳክሮ የቆመበትን ያውቃል። የድምፅ ማዕበል በባሕር ውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1500 ሜትር ያህል እንደሚሄድ ተምሮ፣ ወደ ቀላይ የተላከው ድምፅ በሁለት ሴኮንድ ቢመለስ ከበታቹ 1500 ሜትር ጥልቀት መኖሩን ይረዳል። የአብዛኛው ውቅያኖስ አንድ ኪሎ ግራም ውኃ 35 ግራም ጨው ሲይዝ ባሕረ ኤርትራ 40 ግራም ያህል ስለሚይዝ፣ መርከቢቱ በዚያ ጥቂት ከፍ ብላ ለምን እንደምትንሳፈፍም ያስተውላል። ባሕረ ሐሳብን ያደላደሉ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ጾምንና በዓልን ከፀሐይና ከጨረቃ ዑደት ሲያወጡ የኖሩ ናቸውና፣ እንዲህ ያለው ሒሳብ ለአገራችን ሊቅ ባዕድ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ ወደብ በሌለበት በሰሜን ወሎ፣ በወልድያና በሀብሩ ምን ይረባል የሚል ቢኖር፣ ወደ ሰሜን ገላጣ በሆነ ቦታ ሌሊት ይቁምና የዋልታን ኮከብ ይፈልግ። ክንዱን ዘርግቶ የያዘው ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ በጭብጡ ላይ አንድ ጣት ቢጨምር 12 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ ኮከቡን የሚያገኘው በዚያ ከፍታ ገደማ ነው፤ ይህም የወልድያ ኬክሮስ ነው። ያንኑ ኮከብ ከምጽዋ የሚያይ መርከበኛ ግን ከ15 ዲግሪ ተኩል ጥቂት ከፍ ብሎ ያገኘዋል። የሁለቱን ልዩነት አንዱን ዲግሪ በ111 ኪሎ ሜትር አባዝቶ፣ ወልድያ ከምጽዋ በስተደቡብ 400 ኪሎ ሜትር ያህል እንደምትርቅ ካርታ ሳይገልጥ ያሰላል። እንደዚሁም በምጽዋ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ፣ ከባሕር ጠለል 2000 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በወልድያ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላው በድስት ረጅም ጊዜ እንደሚቆይ የወልድያ እመቤቶች ከማንም ቀድመው በልምድ ያውቁታል፤ ስለ አየር ግፊት ሊነግራቸው የሚገባው ግን መምህሩ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ሃሪ ሄስ የተባለው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር መምህር፣ ኦርካ በተዋጋችበት በፓሲፊክ ጦርነት «ኬፕ ጆንሰን» የተባለችውን የወታደር ማጓጓዣ መርከብ ሲያዝ፣ ጥልቀት መለኪያው ሌሊትና ቀን እንዳይጠፋ አድርጎ፣ ከባሕር በታች ጫፋቸው የተደለደለ ተራሮችን አገኘ። ወደ ማስተማሩ ከተመለሰ በኋላም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962፣ ኦርካ ኢትዮጵያ በተባለችበት በዚያው ዓመት ማለት ነው፣ የውቅያኖስ ወለል ከመካከሉ እየተከፈተ ወደ ሁለት ወገን እንደሚሰፋ የሚገልጥ ጽሑፍ አወጣ። ዓረብን ከአፍሪካ እየለየ ባሕረ ኤርትራን የከፈተው ያው ኃይል የአፋርን ምድር አጎድጉዶ፣ ወልድያ የተንጠለጠለችበትን፣ መርሳም ከሥሩ የተቀመጠችበትን ገደል አቆመ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር እስከ 8 ሜትር ስፋት በተከፈተ ጊዜ፣ የዓለም ሊቃውንት ያን ኃይል በዓይናቸው አዩት። የሀብሩ ተማሪ የጂኦግራፊ መጽሐፉን ዘግቶ መስኮቱን ቢከፍት የሚያየው የዚህኑ ኃይል ሥራ ነው፤ በመምህራኑ ዘንድ ከሚገባው በታች የሚነገር ነገር ይመስለኛል።

የመርከቢቱ ፍጻሜ አጭር ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በውጊያ ተያዘች፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን የተካው ወታደራዊ መንግሥት ሲፈርስ «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ሸሸች፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 እዚያው ለብረታ ብረት ተሸጠች። ከመውረዷ እስከ መሰባበሯ ሃምሳ ዓመት ያህል ኖራ፣ ሠላሳ የሚያህለውን ዘመን ለእኛ አገልግላለች፤ ሙዚየም ልትሆን የሚገባት መርከብ ፍም ውስጥ ማለቋ ለእኔ የሚቆጭ ነገር ነው።

መርከቢቱ ብታልፍም የተማሩባት አሉ። በ1954 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ የተሳፈረባት ወጣት ዛሬ 80 ዓመት አልፎታል፤ በኋለኛው ዘመን የተሳፈሩት ግን ገና ብርቱዎች ናቸው። የባሕር ኃይሉ እንደ አዲስ እየተቋቋመ፣ የባሕር ሙያ ትምህርትም በባሕር ዳር እየተሰጠ ባለበት በዚህ ወቅት፣ የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ በቀበሌያችሁ የቀድሞ ባሕርተኛ ካለ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ወደ ሳይንስ ክፍል ጋብዙት፤ የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ቃሉን ቀርጾ በቤተ መጻሕፍቱ ያኑርለት።