በመተማ ቆላ የቤተሰብን ቪዲዮ ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር አዛውሮ ስለ ማጥራት፣ ስለ መጭመቅና ስለ ማስቀመጥ

በመተማ ዮሐንስና በገንዳ ውኃ፣ በጠቅላላውም እስከ ሱዳን ጠረፍ ባለው ቆላ፣ የሠርግ፣ የክርስትና ወይም የዒድ ካሴት በቁም ሣጥን ያኖረ ቤተሰብ ሁለት ጠላት አለበት። አንደኛው አየሩ ነው። ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው የበጋ ሙቀትና ተከትሎት የሚመጣው የክረምት እርጥበት፣ የማግኔቱን ዱቄት ከፕላስቲኩ ጥብጣብ ጋር የያዘውን ሙጫ ያላላዋል። ሁለተኛው የማጫወቻው መጥፋት ነው። ቪኤችኤስ የተባለው ካሴት እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ፤ ማጫወቻውን እስከ መጨረሻ ይሠራ የነበረው የጃፓን ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራውን አቆመ። ስለዚህ ካሴቱ ደኅና ቢሆን እንኳ የሚያጫውተው ዕቃ እያለቀ ሄዷል። ወደ ኮምፒዩተር የማዛወሩ ሥራ እንዴት ቢሠራ እንደሚሻል ከዚህ በታች ለማስረዳት እንሞክራለን።

ማጫወቻው በአንዲት ትንሽ መቅጃ በኩል ከኮምፒዩተሩ ጋር ይገናኛል። በኢትዮጵያም በሱዳንም የተለመደው ፓል የተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ስለ ሆነ፣ በገላባት ለተቀረጸውም በመተማ ለተቀረጸውም አንድ አሠራር ይበቃል፤ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ካሴት ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው። በፓል አንድ ሰኮንድ 25 ሥዕል አለው፤ ኮምፒዩተሩም እያንዳንዱን ሥዕል በወርድ 720፣ በቁመት 576 ነጥብ አድርጎ ይቀበላል። ለአንድ ነጥብ 2 ባይት ቢያዝ፣ አንዱ ሰኮንድ 20.7 ሚሊዮን ባይት፣ አንዱ ሰዓት ደግሞ 75 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። መጭመቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ጭመቃውም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጠቅልሎ እንደ ማሰር ያለ ሲሆን፣ ሲፈታ ምንም አይጎድልበትም፤ ኤፍኤፍቪ1 የሚባለው ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው የአገሩ ሰው ሰሊጥን እንደሚጨምቀው ያለ ነው፤ ዘይቱ ይወጣል፣ ፋጉሎው ይቀራል፣ ከዘይቱ መልሶ ሰሊጥ የሚያወጣ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች 264 ለሥዕሉ በሰኮንድ 3 ሚሊዮን ቢት ቢፈቀድለት፣ የአንድ ሰዓቱን ሠርግ ከነድምፁ በ1.4 ጊጋባይት ገደማ ይይዘዋል።

ሰሊጥ ሳይበጠር እንደማይጨመቅ ሁሉ ሥዕሉም ከመጨመቁ በፊት መጥራት አለበት። ምክንያቱም ጨማቂው ፕሮግራም የሚያተርፈው ከአንዱ ሥዕል ወደሚቀጥለው የተለወጠውን ብቻ በመመዝገብ ነው። በአሮጌ ካሴት ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው ነጠብጣብ ግን በየሥዕሉ ስለሚለዋወጥ፣ ለሙሽሮቹ ፊት ይውል የነበረውን ቦታ ይበላል። ሆኖም ማጥሪያው ሲጠብቅ ከነጠብጣቡ ጋር የቀሚሱን ጥበብና የአንገቱን ንቅሳት ጠርጎ ይወስዳል፤ ፊቱም ሰም የተቀባ ይመስላል። ጥቂት ነጠብጣብ ቢቀር ይሻላል ባዮች ነን።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የመሥመሮቹ ነገር ነው። በፓል አንዱ ሥዕል በሁለት ጊዜ ይሳላል፤ በመጀመሪያ 1ኛው፣ 3ኛው፣ 5ኛው መሥመር፣ ከሰኮንድ 50ኛ እጅ በኋላ ደግሞ 2ኛው፣ 4ኛው፣ 6ኛው። በዚህች ቅጽበት የጨፋሪው ትከሻ ቦታውን ይለውጣል፤ ኮምፒዩተሩም ሁለቱን አንድ ላይ ሲያሳይ የትከሻው ጠርዝ እንደ ሚዶ ጥርስ ይሆናል። ችኩል ሠራተኛ ግማሹን መሥመር ጥሎ ያስተካክለዋል። ንግግር ለሚያደርግ ሽማግሌ ይህ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ እስክስታ ግን ከእንቅስቃሴው ግማሹን ያጣል። ትክክለኛው መንገድ ከእያንዳንዱ ግማሽ አንድ ሙሉ ሥዕል እያወጡ በሰኮንድ 50 ማድረግ ነው፤ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቦብ የሚለው ምርጫ ይህንኑ ይሠራል። በሥዕሉ ግርጌ የሚታየው የተቀደደ የሚመስል መሥመር የቪኤችኤስ ጠባይ ስለ ሆነ ቢቆረጥ ጉዳት የለውም።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ግን በግልባጩ ላይ ነው። ከካሴቱ በቀጥታ የተቀዳው ሳይጠራ፣ ጉድለት በሌለው ጭመቃ መቀመጥ አለበት፤ የነገ ማጥሪያ ከዛሬው የተሻለ ሊሆን ይችላልና። መብራት ድንገት በሚጠፋበት ስፍራ ባትሪው ደኅና በሆነ ላፕቶፕ መቅዳት ይበጃል። የፋይሉም ዓይነት ቢታሰብበት መልካም ነው፤ ኤቪአይ ማውጫውን የሚጽፈው በመጨረሻ ስለ ሆነ፣ በመካከል ሲቋረጥ አልከፈትም ይላል፤ ኤምኬቪ ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ያለውን አብዛኛውን ጊዜ ያሳያል። ጭመቃው ፕሮሰሰሩን ስለሚያግል ለሌሊት ቢተው ይመረጣል።

የተቀዳውን በሁለት ዲስክ፣ አንዱን በቤት፣ ሁለተኛውን ጎንደር ካለ ዘመድ ዘንድ ማኖር ይገባል። በፋት32 የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ትንሹ ግልባጭ ግን በስልክም ይላካል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተዋል፤ ባዶ እጁን ለተሻገረ ሰው፣ በዚህ ወገን ባለ ዘመድ ካሴት ላይ የቀረው የእናቱ ድምፅ ሌላ ቦታ የማይገኝ ሊሆን ይችላል። በፋይሉ ስም ላይ የባለ ሠርጎቹ ስም፣ ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ። ካሴቱም ከተቀዳ በኋላ አይጣል፤ እስከ መጨረሻው ተጠቅልሎ፣ በጎኑ ሳይሆን ቆሞ፣ ከቆርቆሮው ጣራ ርቆ ይቀመጥ።