ስም መርሳት ሁሉ የመርሳት በሽታ አይደለም

ኦሎምፒያ አካባቢ የሚሠሩ የ48 ዓመት እናት «ዶክተር፣ እናቴን የያዛት የመርሳት በሽታ እኔንም ሊጀምረኝ ነው መሰለኝ» አሉኝ። የሰው ስም ይጠፋባቸዋል፣ ስብሰባ ላይ ቃሉ ምላሳቸው ላይ ደርሶ ይሰወርባቸዋል። ስጠይቃቸው የወር አበባቸው ከተዛባ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ሌሊት በላብ ይጠመቃሉ፣ እንቅልፍ የለም።

የማረጥ ዋዜማ ይህንን ያመጣል። ኤስትሮጅን የሚሠራው ማህፀን ላይ ብቻ አይደለም፤ የማስታወስ ሥራ ያለባቸው የአንጎል ክፍሎችም ይፈልጉታል። መጠኑ ከፍ ዝቅ ሲል ቃል ፍለጋው ይዘገያል፣ እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ያባብሰዋል።

ፖሊን ማኪ የምትባል በቺካጎ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ለዓመታት ያጠናችው ይህንኑ ነው። በ2022 ከባልደረባዋ ጋር ለሐኪሞች ባወጣችው ጽሑፍ፣ ለውጡ እውነተኛ ቢሆንም የአብዛኞቹ ሴቶች የማስታወስ ችሎታ ከጤናማው ወሰን እንደማይወጣ፣ በዚህ ዕድሜ የመርሳት በሽታም እጅግ ብርቅ እንደሆነ አስረድታለች። (ለባሎችም አሳዩልኝ!)

ሆርሞን ለሙቀቱና ለላቡ ይታዘዛል፤ ለማስታወስ ብቻ ተብሎ ግን አይሰጥም። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ማድረግ ጥሩ ነው። የለመዱት የቤት መንገድ ከጠፋባችሁ ወይም ያንኑ ጥያቄ ደጋግማችሁ የምትጠይቁ ከሆነ ግን ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ ሂዱ።