ምጥ ሲረዝም የሚከፈት ቀዳዳ

በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ያለ የዩሮሎጂ ክፍል ከውጭ ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ ውስጡ ብዙ ሙያ ነው። የኩላሊት ጠጠር የሚያወጣ፣ የፕሮስቴትና የፊኛ ካንሰር የሚያክም፣ የሕፃናትን የሽንት መስመር የሚያቃና፣ የወንዶችን መካንነት የሚመረምር ሐኪም አለ። ለጋሞ ደጋ ሴቶች ግን ከሁሉም የሚቀርበው፣ የተጎዳ የሽንት አካልን መልሶ የሚሠራው ዘርፍ ነው። ከማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ጋር ከሚጋራቸው ሥራዎች አንዱ በወሊድ ሳቢያ የሚመጣው ፊስቱላ ነውና።

የሕፃኑ ጭንቅላት በእናቱ ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ አንድ ሁለት ቀን ሲቆይ፣ በጭንቅላቱና በአጥንቱ መካከል የተጨመቀው የፊኛና የብልት ግድግዳ ደም ያጣል። ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል፤ ከቀናት በኋላ ይረግፍና ቀዳዳ ይተዋል፤ ፊስቱላ የሚባለውም ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ሽንት ሌሊትና ቀን ያለፈቃድ ይፈስሳል። አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑም በሕይወት አይወለድም። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው በሰዓቱ የሚደረግ የምጥ ክትትል፣ ካስፈለገም ቀዶ ሕክምና ነው።

ሰዓቱ ደግሞ በጋሞ ደጋ፣ በገረሴ ከተማ ዳገት ላይ ይባክናል። ከተማዋ የቀድሞው የቦንኬ ወረዳ ማዕከል ነበረች። በወረዳው ገጠር ቀበሌዎች ቤት ለቤት ተዘዋውሮ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 የነበሩ ወሊዶችን የመዘገበ ጥናት፣ ከ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 425 እናቶች እንደሚሞቱ አሳይቷል። ጥናቱ የቆጠረው የሞቱትን ነው። ያው መዘግየት ሳይገድል ሲቀር ግን የሚተወው ጉዳት ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። በቀድሞው ጋሞ ጎፋ ዞን ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሠልጥነው ወደ ገጠር ሆስፒታሎች መሰማራታቸው፣ በእኔ እምነት፣ ከማንኛውም የጥገና ክፍል ይልቅ ፊስቱላን ይከላከላል።

የፊስቱላን ጥገና ከሌላ አገር ለመጡ ሐኪሞችም ካስተማሩት አገሮች አንዷ ደግሞ ኢትዮጵያ ናት። ሐኪሞቹ ሬጅናልድና ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ። ሆስፒታሉ ዛሬ በይርጋለም ጭምር ማዕከል አለው፤ ሕክምናውም በነፃ ነው።

ምርምሩም ከታማሚዋ አልጋ አይርቅም። ቀዳዳው ከተሰፋ በኋላ ፊኛው እንዲያርፍ ሽንት በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ይወርዳል፤ ለስንት ቀን? ኢትዮጵያን ጨምሮ በ8 የአፍሪካ አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ውስብስብ ላልሆነ ፊስቱላ ካቴተርን ለ7 ቀን ማቆየት ከ14 ቀኑ ያነሰ ውጤት እንደማያመጣ አረጋገጠ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ከ7 እስከ 10 ቀን በቂ ነው አለ። አልጋ በሳምንት ቀድሞ ሲለቀቅ ወረፋ የምትጠብቅ ሌላ ሴት ትገባለች። ያልተፈታ ችግር ግን አለ፦ ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንት መቆጣጠር የሚሳናቸው ሴቶች አሉ፤ ለእነርሱ የሚሆን መፍትሔ ፍለጋው ገና አልተጠናቀቀም።

ትኩስና ትንሽ ፊስቱላ ካቴተር ብቻ ተደርጎለት ለሳምንታት ሽንት ሲወርድለት ያለ ቀዶ ሕክምና ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ በአካባቢዎ ከወለደች በኋላ ሽንት የሚያመልጣት ሴት ካለች፣ ቀን ሳይጨምሩ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያሳውቁ ወይም ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ያድርሷት።